በቀን ሠላሳ ጊዜ የሚጠፋ ሞደም

ኮከብ የሞደሙን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለች። አረንጓዴዎቹ መብራቶች አንድ ላይ ጠፉ። የግድግዳውን ሰዓት አየችና ደብተሯ ላይ ጻፈች፦ ሦስት ሰዓት ከሃያ።

«አሁንም ሞተ?» አሉ አያ ቅጣው፣ በሩ አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ሆነው።

«ሞተ። አሥር ደቂቃ ይቆያል።»

«ከዚያስ ይነሣል?»

«ይነሣል። ሌላ ቁጥር ይዞ።»

«ሦስት ቀን ካልፈጀ ደህና ነው» አሉ አያ ቅጣው። በረንዳው ላይ ተራ ከሚጠብቁት ሴቶች አንዷ አማተበች፤ የቀሩት ሳቁ።

ሰኔ 20 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት ነበር። መሐል ሜዳ ከተማ ሌሊቱን ሲዘንብባት አድራ ገና አልደረቀችም። በኮከብ በረንዳ ላይ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። ወንዶቹ ወፍራም የሱፍ ባናቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበዋል፤ ሴቶቹ የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። አንዳንዱ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከቤቱ ወጥቶ በእግሩ የመጣ ነው። ውስጥ፣ ከኮምፒዩተሩ ፊት ለፊት ባለው ወንበር ላይ፣ ጠጄ የምትባል ባልቴት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የሞደሙን መነሣት ትጠብቃለች።

የመጡት ለቀጨሞ ሜዳ ነው። ቀጨሞ ሜዳ ከጓሳ ጫፍ ላይ ያለ የሁለት መቶ አሥራ አራት አባወራዎች የጋራ ግጦሽ ነው። ሦስት ዓመት ይዘጋል። በተዘጋ ጊዜ በግ አይገባበትም፣ ማጭድ አይነካውም፤ እያንዳንዱ ቤት በተራው ይጠብቀዋል። በአራተኛው ዓመት በበጋ ይከፈታል፤ መጀመሪያ የቤት ክዳን ሣር ይታጨዳል፣ ከዚያ በግ ይገባል። የሚዘጋበትንም የሚከፈትበትንም ቀን የሚወስኑት በአባወራዎቹ የተመረጡ ዳኛ ናቸው። ዳኛው አያ ቅጣው ናቸው፤ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው።

በታኅሣሥ አንድ የበግ እርባታ ድርጅት ቀያሾች ልኮ ነበር። ቀያሾቹ ሁለት ቀን በሜዳው ላይ ዞሩ። አንድም በግ አላዩም፤ የዝግ ዓመቱ ነውና። ሪፖርታቸው ላይ «ጥቅም ላይ ያልዋለ ባዶ መሬት» ብለው ጻፉ። ድርጅቱ ሜዳውን አጥሮ ሊይዝ ነው፤ ገንዘቡን ደግሞ ከውጭ አበዳሪ ይጠብቃል። አበዳሪው፣ ተቃውሞ ያለው እስከ ሰኔ 30 በኢንተርኔት ያመልክት የሚል ማስታወቂያ እንዲለጠፍ አዘዘ። ማስታወቂያው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተለጠፈ። እዚያ ቦታ በሞባይል ለመደወል እንኳ ኮረብታው ላይ መውጣት ያስፈልጋል።

አያ ቅጣው ማስታወቂያውን በጥንቃቄ ነቅለው፣ አጣጥፈው፣ ወደ ኮከብ ቤት መጡ። ከተማው ውስጥ ያለው የኢንተርኔት ቤት ባለቤት ወረቀቱን አይቶ ማሽኑ ተበላሽቷል ብሏቸዋል። ሦስቱም ማሽኖች ሲሠሩ በዓይናቸው እያዩ ነበር።

ኮከብ የዚያው ሜዳ ልጅ ናት። አባቷ በዚህ ሜዳ ጥበቃ ላይ እንዳሉ ነው ብርድ መትቷቸው የሞቱት። በ1973 ዓ.ም.፣ ሃያ ዓመቷ ላይ፣ በከተማው ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆና ተቀጠረች። የስልክ ማገናኛው ሰሌዳ አርባ ቀዳዳ ነበረው። ደዋዩ ይደውላል፤ እሷ ገመዱን ትሰካለች፤ «ይነጋገሩ» ትላለች። ከዚያች ቃል ሌላ መናገር ክልክል ነበር። ማዳመጥም ክልክል ነበር፤ ግን ጆሮ አይዘጋም። ማን ልጁን ለጦር ሜዳ እንደሸኘ፣ ማን እንደሞተበት፣ ማን ለሹመት ማንን እንደለመነ ከሁሉ ቀድማ ታውቅ ነበር። አንድም ቀን ከአፏ አልወጣም። ሃያ ሦስት ዓመት እንዲህ ሆኖ አለፈና ደዋዩ ራሱ የሚደውልበት አዲሱ መሣሪያ መጣ። ሰሌዳው ተነቀለ፤ እሷን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሯት። በዚህ ዓመት መስከረም ጡረታ ወጣች።

ባሏ ዓለም ከተማ ለማስተማር ሄዶ እዚያው ሌላ ቤት መሥርቷል። ስለ እሱ አታወራም።

ጡረታ እንደወጣች መጀመሪያ ያደረገችው ኢንተርኔት ማስገባት ነው። ጎረቤቶቿ ብቻዋን ያለች ሴት ምን ሊሆናት ነው ብለው ተገረሙ። «ሃያ ሦስት ዓመት ሌላውን ከሌላው ሳገናኝ ኖርኩ። አሁን ደግሞ እኔ ልገናኝ» አለቻቸው።

ባለፈው ቅዳሜ የተቃውሞ ቅጹን ከፍታ የአያ ቅጣውን ስም አስገባች፤ ተቀበለ። የሁለተኛውን ሰው ስታስገባ ግን ገጹ እምቢ አለ። ከዚህ አድራሻ አስቀድሞ ተቃውሞ ቀርቧል፣ ከአንድ አድራሻ ከአንድ በላይ አይቻልም ይላል። ኮከብ ደጋግማ አነበበችው። እንግሊዝኛዋን ያስተማሯት የውጭ አገር ኦፕሬተሮች ናቸው፤ የማትረዳው ነገር አልነበረም። የሁለት መቶ አሥራ አራት ቤት አፍ በአንድ ሰው ተዘግቷል።

ደብረ ብርሃን ወደሚኖረው የድሮ የሥራ ባልደረባዋ ደወለች። ምስክር ይባላል፤ ኔትወርክ ያውቃል። ገጹ የሚያየው ቤትሽን ሳይሆን አይፒ አድራሻሽን፣ ሞደሙ የያዘውን ቁጥር፣ ነው አላት። ያ ቁጥር የአንቺ አይደለም፣ ውሰት ነው። ሞደሙን ስታጠፊው ቁጥሩ ይመለስና ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ስታበሪው ሌላ አዲስ ቁጥር ይሰጥሻል። ቶሎ ካበራሽው ያንኑ ሊመልስልሽ ስለሚችል ቢያንስ አሥር ደቂቃ ታገሺ። አብራርቶ ሊጨምርላት ሲል አቋረጠችው። ገብቷታል። አርባ ቀዳዳ ባለው ሰሌዳ ላይም ደዋይ የራሱ የሚለው ገመድ አልነበረውም፤ ባዶ የተገኘው ይሰካለት ነበር።

«ይሄ ማጭበርበር ይሆን?» ብላ ጠየቀችው።

ምስክር በጥያቄ መለሰላት። ገደቡ ለምን እንደወጣ አንቺው ንገሪኝ አላት።

«አንድ ሰው ብዙ ጊዜ እንዳይናገር።»

«እናንተ ጋስ?»

«ብዙ ሰው አንድ አንድ ጊዜ ነው የሚናገረው።»

«እንግዲያው ምን ትጠይቂኛለሽ» አለና ዘጋው።

ኮከብ ግን የራሷን ገደብ አወጣች። ባለ ጉዳዩ ራሱ መጥቶ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ስም አይገባም። የወንድሙን ስም ይዞ የመጣውን፣ የታመመ ጎረቤቱን ወክሎ የመጣውን መለሰች። ደዋይ በሌለበት ገመድ ሰክታ አታውቅም። አያ ቅጣው በዚህ ተስማሙ፤ ሰዉንም በየአጥቢያው ተራ አስያዙት።

በዚያች ሰኞ ጠዋት፣ ልክ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ገመዱን ስትሰካ መብራቶቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ኮከብ አዲሱን ቁጥር አይታ መጨረሻውን በደብተሯ ጻፈች፤ ካለፉት ጋር አስተያየችው። አዲስ ነው።

«ስምዎ?»

«ወለተ ሚካኤል» አለች ጠጄ።

ኮከብ እንደተነገራት ጻፈች። ደዋይ ነኝ ያለውን ስም መቀበል የሥራዋ ልማድ ነው። ሰዎቹም የነገሯት የክርስትና ስማቸውን ነው። ለግብር፣ ለማዳበሪያ፣ ለስብሰባ የሚጠሩበት ስም ሌላ ነው፤ ይህ ግን የአባት መሬት ጉዳይ ነው፣ እንደ መሐላ ነው። በመሐላ ላይ ቄስ በጸሎት የሚጠራው ስም እንጂ የጽሕፈት ቤት ስም አይሰጥም። አንዳቸውም ይህን ለኮከብ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም፤ እሷም መጠየቅ አላስፈለጋትም።

በሁለት ቀን ሰባ አንድ ሰው ገባ። ማክሰኞ ሃያ አንድ የማርያም ዕለት በመሆኑ እርሻ አልነበረም፣ ሰውም በዛ። አንድ ሽማግሌ በበዓል ቀን መሥራቱ እንዴት ነው ብለው አጉረመረሙ። አያ ቅጣው «ሞደም ማጥፋት እርሻ አይደለም» ብለው ፈረዱ።

ረቡዕ ጠዋት ከአበዳሪው መልስ መጣ። ኮከብ ቆማ አነበበችው፣ ከዚያ ተቀምጣ አነበበችው። ከቀረቡት ስሞች አሥራ አራቱ ወልደ ሚካኤል፣ ዘጠኙ ወለተ ማርያም፣ አሥራ አንዱ ገብረ መድኅን ናቸው ይላል። በአንድ ሰው የተፈበረኩ ስለሚመስሉ ሁሉም ተሰርዘዋል። ተቃዋሚ ካለ በመታወቂያው ላይ ያለውን ስሙን ከነአያቱ፣ ከነቀበሌው ያቅርብ።

ጥፋቱ የእሷ ነው። አንድ ጊዜ «የመታወቂያዎን ስም» ብትል ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር። ይህንኑ ለአያ ቅጣው ነገረቻቸው። እሳቸው አልተቆጧትም። ከሰዓት በኋላ አባወራዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ እንዲሰበሰቡ ላኩ፤ እሷንም በሚኒባስ እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ በበቅሎ ወሰዷት።

ስብሰባው ረጅም ነበር። መጀመሪያ የተናገሩት በእግዜር ስም እንዴት ሐሰተኛ እንባላለን ብለው ተቆጡ። ቆይቶ ግን ቁጣው በረደና ከሥሩ ያለው ፍርሃት ወጣ። ስንታየሁ የተባለ አራት ልጆች ያሉት ገበሬ ተነሣ።

«እትዬ ኮከብ፣ ያ ቁጥር በየሰዉ ይቀያየራል ብለሻል። እንግዲያው ማን እንደጻፈ አይታወቅም አይደል? የመታወቂያውን ስም ብንሰጥም የጽሕፈት ቤት ሰዎች እኛን አያገኙንም?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። አዎ ብትላቸው ቀላል ነበር። ከሁለት መቶው ውስጥ እውነቱን ማጣራት የሚችል የለም፤ ሰው ይመጣላት ነበር።

«ያገኟችኋል» አለች። «ቁጥሩ ቢቀያየርም የሚሰጠው ለእኔ ስልክ ነው። ስልኩ በስሜ ነው። ቁጥሩን የምቀይረው እናንተን ለመደበቅ አይደለም፣ እያንዳንዳችሁ እንድትቆጠሩ ነው። መደበቅ የፈለገ ሰው እኔ ቤት አይምጣ።»

ከዚያ አያ ቅጣው በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ።

«እኔ ክርስትና ስሜን ለዚህ ወረቀት የሰጠሁት ስለማከብረው ነበር» አሉ። «ደግሞ ልንገራችሁ፣ በዚያ ስም ጽሕፈት ቤት እንደማይፈልገኝም አውቄ ነበር። ሁለቱም ነው። አሁን አንደኛው ቀረ። ቅጣው እንግዳ ወልደ ሰማዕት። የቀጨሞ ሜዳ ዳኛ። የሚፈልገኝ በዚህ ይፈልገኝ።»

ስንታየሁ ተቀመጠ። ሐሙስ ጠዋት ግን በኮከብ በረንዳ ላይ ከተሰለፉት ሁለተኛው እሱ ነበር።

ሐሙስ ሠላሳ አንድ፣ ዓርብ ሠላሳ አራት ሰው ገባ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ መብራት ጠፋ፤ በረንዳው ላይ የነበሩት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠብቀው ተመለሱ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሃያ ስድስት። አንዳንዴ ሞደሙ ተነሥቶ ያንኑ ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ኮከብ እንደገና ትነቅለዋለች፤ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው እንደገና አሥር ደቂቃ ይጠብቃል። ሴቶቹ ጊዜውን በእንዝርት መለካት ጀምረው ነበር። «አንድ ልቃቂት ሲሞላ ይነሣል» ይባባሉ ነበር።

ሰኞ ሰኔ 27፣ አምስት ሰዓት ላይ፣ ባምላኩ መጣ።

ባምላኩ ከተማው ውስጥ ካሉት ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ የሚሠራ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው። ኮከብ የክርስትና እናቱ ናት። ተማሪ ሳለ ሁለት ዓመት እሷ ቤት ሆኖ ነው የተማረው። በረንዳው ላይ ያሉትን ሰላም ሳይል አልፎ ገባ። ኮከብ ያኔ ገመዱን ነቅላ ሰዓቱን እየጻፈች ነበር።

«እንዴት ዋልሽ፣ እናቴ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሰው ተቀምጧል፣ ተራህን ጠብቅ።»

ባምላኩ ለተራ አልመጣሁም አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ብዙ ነገር ተናገረ። በላይ ያሉት ሹማምንት መቆጣታቸውን፣ ይህ ፀረ ልማት እንደሚባል፣ ጡረታዋ ላይ ጣጣ ሊመጣ እንደሚችል፣ እሷ በዕድሜዋ ይህን ምን እንደምታደርገው። እሱ ራሱ እንድትጎዳ ስላልፈለገ ነው የመጣው፤ ሌላ ሰው ቢላክ እንዲህ አያናግራትም። ኮከብ እስኪጨርስ ድረስ አላቋረጠችውም። ሰዎች ሲናገሩ ዝም ማለት ሃያ ሦስት ዓመት የሠራችበት ነገር ነው።

«በአጭሩ» አለ ባምላኩ፣ «ይህን ሞደም አጥፊው።»

ኮከብ በእጇ የያዘችውን የተነቀለ ገመድ አሳየችው።

«በቀን ሠላሳ ጊዜ እያጠፋሁት እኮ ነው።»

በረንዳው ላይ ሳቅ ፈነዳ። ባምላኩ ቀላ።

«ቀልድ አይደለም። እንግዲያው ደብተሩን ስጪኝ። የማን የማን ስም እንደገባ ማወቅ አለብን።»

«ደብተሩ ላይ ቁጥርና ሰዓት ብቻ ነው ያለው። ስም ከፈለግህ ባለቤቶቹ ውጭ ናቸው። ጠይቃቸው።»

ባምላኩ ወደ በሩ ዞረ። አያ ቅጣው ከበርጩማቸው ተነሥተው ነበር። ከኪሳቸው መታወቂያቸውን አውጥተው እጁ ላይ አስቀመጡለት።

«ጻፍ፣ ልጄ» አሉት። «እስክሪብቶ ይዘህ የለ?»

ከእሳቸው ቀጥሎ ጠጄ መጣች። የአባቷንም የአያቷንም ስም ቀስ ብላ፣ እንዳይሳሳት፣ ሁለት ጊዜ ነገረችው። ስንታየሁ ተራውን ከጨረሰ ቀናት አልፈውታል፤ ለገበያ መጥቶ በረንዳው ላይ የቆመ ነው። እሱም ተሰለፈ። ቀበሌውን ጨመረለት፤ የቤቱንም አቅጣጫ ጨመረለት፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከኮሶ ዛፉ በታች ሦስተኛው። አንድ ሽማግሌ ከጽሕፈት ቤት የመጣ ሰው እስከ ዛሬ ስማቸውን በክብር ጠይቋቸው እንደማያውቅ ተናግረው አመሰገኑት። ሃያ ሁለት ሰው ተራ በተራ ስሙን ከነአያቱ ነገረው። ባምላኩ ስድስቱን ጻፈ። ከሰባተኛው ጀምሮ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ እንዳለ ቆመ። መጨረሻ ላይ ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተ።

«እናቴ፣ እኔ ነግሬሻለሁ።»

«ነግረኸኛል። ምሳ ሳትበላ አትሂድ።»

አልበላም፤ ሄደ። ኮከብ ሰዓቱን አየች። አሥራ ስድስት ደቂቃ አልፏል። ገመዱን ሰካች። ሞደሙ ተነሣ፤ ቁጥሩ አዲስ ነበር።

«ስምዎን፣ እንደ መታወቂያዎ» አለች ወንበሩ ላይ ላለው ሰው።

የመጨረሻው ሰው ሰኔ 30፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባ። ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ ሁለት መቶ አሥራ አንዱ መጥተዋል። ሦስቱ አልመጡም። ለምን እንዳልመጡ አያ ቅጣው አልጠየቁም፤ ሌላም ሰው እንዲጠይቃቸው አልፈቀዱም። ኮከብ ደብተሩን ዘጋች። ገመዱን ግን አልነቀለችም። በአሥር ቀን ውስጥ መብራቶቹን ከሩብ ሰዓት በላይ በርተው ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነበር።

ሐምሌ 4 ቀን ጠዋት የኮከብ የስልክ ሽቦ ከምሰሶው ላይ ተቆርጦ ተገኘ። አያ ቅጣው በዚያው ሳምንት ለጥያቄ ተጠርተው አሥራ አንድ ቀን ታስረው ቆይተው ወጡ። በጥቅምት አበዳሪው ሁለት መቶ አሥራ አንድ ተቃውሞ መቀበሉን ጠቅሶ ብድሩን እንደማይሰጥ ጻፈ። ቀጨሞ ሜዳ ጥር 2009 ለሣርና ለበግ ተከፈተ። ሽቦው አልተቀጠለም።